አራት ጣት ከፍታ

ደግሞ ግራው ወረደ፣ ከቀኙ በአንድ ጣት፣ ቅድም እኩል አልነበሩም እንዴ፣ እኔ የምለው ይቺ መኪና ትቀልድብኛለች መሰለኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ፊት ከፍ ሳደርግ ኖሬ የራሴዋ ፒክአፕ ሦስት ሳምንት ትፍጅብኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፊቷን በክሪክ ታነሳለህ፣ ከሥር ከፍታዋን የሚቆጣጠሩትን ሁለት ብሎኖች እኩል ታጠብቃለህ፣ ታወርዳታለህ፣ ወደፊት ወደኋላ ትገፋታለህ፣ ከዚያ ነው የምትለካው። ሳትገፋ ከለካህ ዋሸችህ፣ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ስለሚቀሩ ከፍ ያለች ትመስላለች፣ ጥቂት ስትሄድ ትወርዳለች። ይኼን ለስንቱ ጀማሪ እየተቆጣሁ ያስተማርኩ ሰውዬ ዛሬ ሳልገፋ እለካለሁ፣ ምን ላድርግ፣ አንዱ መሪ ይይዛል አንዱ ይገፋል፣ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይላሉ፣ የሚሉት ቤታቸው ሰው ያለ ናቸው።

ጀርባዬ ሲሚንቶው ላይ ደንዝዟል። ባለቤቴ ብትኖር ጎንበስ ብላ አንተ ሰውዬ ምሳ አይበላም ወይ ትለኝ ነበር፣ የለችም፣ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆናት፣ ምሳም የለም። አራት ጣት፣ አራት ጣት ከፍ ካለች ሆዷ ድንጋዩን ያልፋል፣ ልጄ ቤት የሚወስደው ዳገት ላይ የተገተረውን፣ ባለፈው የመለሰኝን። መለሰኝ ነው ልጄን ያልኳት፣ በቴክኒክ ምክንያት ጉዞው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል፣ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ነካ ነው ያደረገኝ፣ ወርጄ አየሁት፣ ዞሬ መጣሁ። የልጅ ልጄ ስድስት ወሩ ነው፣ በፎቶ እንጂ አላየሁትም፣ ጆሮው የኔ ነው ምስኪን።

የቀብሩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እናትሽ ስምሽን ስትጠራ የት ነበርሽ አልኳት። ሁለት መኪና ቀይራ የቀረውን በእግሯ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ ጭቃ ነበር፣ አይቼዋለሁ እኮ ጭቃውን፣ እያየሁት ተናገርኩ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዞራ ሴቶቹ መሀል ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩ ይጮኻል፣ እሷ ናት፣ በዘይት እጄ አነሳዋለሁ፣ አባዬ ምን እየሠራህ ነው፣ ያቺን ፒክአፕ ነዋ፣ ለድንጋዩ ብዬ፣ አንድ ጣት ብቻ ቀርታኛለች። ሕፃኑ ከኋላዋ ይነጫነጫል፣ የቱ ድንጋይ አባዬ፣ መንገዱ ተጠርጓል እኮ፣ ሚኒባስ እደጃችን ድረስ ይመጣል፣ ባለፈው ስንደዋወል ነግሬህ ነበር። ነግራኛለች። ነግራኛለች፣ ሰምቻለሁ፣ እሺ ብዬ ስልኩን ዘግቼ በነጋታው ነው ክሪኩን ያወጣሁት።

ብሎኑ አልጠብቅ ብሎኝ ነው ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ጅል ሽማግሌ፣ ስለ ብሎን ማን ጠየቀህ፣ ፈርቼሽ ነው እላታለሁ። ምን አልክ። ፈርቼሽ ነው ልጄ፣ በዚያ አፌ ደጅሽ እንዴት እቆማለሁ። መኪናዋ ሥር ተንጋልዬ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ ብትዘጋው አልፈርድባትም፣ አትዘጋውም፣ አባዬ ትላለች፣ እኔ እኮ አልረሳሁትም፣ አውቃለሁ፣ ስትመጣ የምረሳው እንዳይመስልህ፣ አውቃለሁ፣ እንግዲህ ና፣ ሰዉ ይኼ ልጅ አያት የለውም ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ አለው ማለት ሰልችቶኛል።

እጄን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ፣ ደግሜ እጠርጋለሁ፣ ሚኒባሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው እላታለሁ።