ፈጣኑ ሚሞሪ

መፈተሻው ፕሮግራም የመጀመሪያውን የስህተት ቀይ መስመር ሲያወጣ ኮምፒውተር ገጣጣሚው ስክሪኑን በመዳፉ ሸፈነው። ጊዜ ሳይወስድ ቀዩ በጣቶቹ መሀል እየተንጠባጠበ ወረደ። እጁን አነሳ፤ ምን ዋጋ አለው?

"ሚሞሪው ነው አይደል?" አለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ፕሪንተር የሚፈታታው ሸሪኩ።

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ቀይረህ ለደንበኛው ስጠው። ምን ያስተክዝሃል?"

"የሚስቴ ነው።"

ሸሪኩ መፍቻውን አስቀመጠ። ኮምፒውተሩ የማንን ድምፅ እንደያዘ ያውቃል።

የገጣጣሚው ሚስት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ ተቀባይ ነበረች። የሚሳደብ ሰው ቢደውልላት እንኳ አስቃው ነው የምትሰደው። ማንቁርቷ ላይ እጢ ተገኘና ማንቁርቷ ራሱ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት ሲባል፣ ያላትን ጥቂት ጊዜ ማሚቶ እንዳይገባባት ቁም ሳጥን ውስጥ በተሰቀሉ ልብሶች መሀል ተቀምጣ ድምጿን ስትቀዳ ከረመች። ከዚያ ቅጂ ድምጿን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ እሷ ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሩ በራሷ ድምፅ ይናገርላታል። ኮምፒውተሩን የገጠመላት እሱ ነው። ያኔ ሁለት ዓይነት ሚሞሪ ይዞ ቤት ሄደ።

"ይሄኛው ሲሳሳት ራሱን ያርማል፤ ግን ዝግ ይላል" ብሎ ነበር።

"ዝግ ሲል እኔ ምን እሆናለሁ?" አለች በሻከረ ጉሮሮዋ።

"ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ ድምፁ እስኪወጣ ትንሽ ትጠብቂያለሽ።"

"በል ተው! ሰዉ ስቆ ከተበተነ በኋላ ነው ቀልዴ የሚመጣው? ፈጣኑን አድርግልኝ።"

ፈጣኑን አደረገላት። ማድረግ ብቻ አይደለም፣ ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ አስሮጠው። ለሌላ ሰው ቢሆን ቀን ሙሉ ሳይፈትሽ ከሱቁ አያስወጣም ነበር። ለእሷ ግን ቸኮለ፤ ከሆስፒታል ስትመለስ ድምጿ ቤት ቀድሟት እንዲጠብቃት ብሎ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እሱ የሚለቅመው እንኳ አልተረፈለትም።

መጀመሪያ ደህና ይሠራ ነበር። ልጃቸው ስትደውል እናቲቱ ነገር በነገር ስትመልስላት ቤቱ የድሮ ቤት ይሆናል። በቅርቡ ግን ድምፁ ላይ የልብስ መስቀያ ኮሽታ እየሰማ ነገሩ አላስቀምጥ አለው። ሁሉንም ቅጂ በዚያው ኮምፒውተር ከኮሽታው አጸዳና በድሮው ምትክ አስቀመጠ። ከጸዳውም ድምጿን እንደ አዲስ ሠራ። እጁ በዚህ መች አረፈ፣ መጠባበቂያ ዲስኩንም ከፍቶ የጸዳውን ደረበበት። ይህ ሁሉ ያለፈው በዚያ በሚሳሳት ሚሞሪ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ግማሾቹ ቅጂዎች አልከፈት አሉ። የተከፈቱትም የሚያወጡት ብረት ሲፋቅ የሚሰማውን ድምፅ ነው።

"ሌላ ቦታ አላስቀመጥክም?" አለ ሸሪኩ።

"አስቀምጬ ነበር። ብልሹውን በደህናው ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ።"

ሸሪኩ ፕሪንተሩን አገላበጠ። ገጣጣሚው ያን ራሱን የሚያርመውን ሚሞሪ ከመደርደሪያ አውርዶ ተከለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ለማንም የሚሰጠውን፣ ዜና አንባቢ የሚመስል የማያውቃት ሴት ድምፅ ጫነበትና ኮምፒውተሩን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ ገመዱን ሰክቶ ቀና እስኪል እንኳ አልጠበቀችውም። ጻፈች። ትንሽ አስጠበቃትና፣

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለ ኮምፒውተሩ፣ ጥርት ባለ የባዕድ ሴት ድምፅ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቀ ነበር። እሷም ፈገግ ብላ እስኪስቅላት ጠበቀች። እንዳልሳቀ ስታይ እንደገና ጻፈች።

"የኔን መልስልኝ።"

"የለም።"

"መቼ ይመለሳል?"

"አይመለስም። ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አጸዳለሁ ብዬ።"

ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ቆሙ። ብትሰድበው ምንኛ በወደደ። ግን በዚያች ሴት ድምፅ ልትሰድበው ነው?

ስልኩ ጠራ። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ሳትደውል አታድርም።

"አባዬ፣ ቶሎ እማዬን አገናኘኝ! አለቃዬን ዛሬ ምን እንዳልኩት ብትሰማ!"

ቃሏ ከስልኩ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። ሚስቱ እጇን ወደ ፊደሎቹ ሰደደች፤ ከዚያ ሰበሰበችው። ዓይኗን እሱ ላይ ተከለች።

"ተኝታለች" አለ።

"በዚህ ሰዓት? አሟታል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ናት። ትንሽ ደክሟት ነው።"

በትዳር ዘመናቸው አንዲት ውሸቱን አሳልፋለት አታውቅም፤ ገና ከአፉ ሳትወጣ ነበር የምትቀልባት። አሁን ጠረጴዛውን አንዴ በመዳፏ ብትመታው ልጅቷ ትሰማ ነበር። እሱም እንድትመታው በልቡ ለመናት።

"እሺ፣ እንዳትቀሰቅሳት" አለች ልጅቷ።

ሚስቱ የፊደል ሰሌዳውን ቀስ አድርጋ ገፋችው። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ራሷን አስደገፈችበትና ዓይኗን ከደነች።