የሬዲዮ ስፒሎች

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል። ሱቁን ከከፈተበት ሰዓት እስከሚዘጋበት ድረስ አፉ አያርፍማ! ሌላ ሰፊ ስፒል በከንፈሩ ሲይዝ እንኳ ዝም ይላል። እሱ ግን አምስት ስፒል ነክሶ የደንበኛውን ቦርጭ እየለካ ያሽሟጥጣል። «ጋሼ፣ ሱሪውማ እንዳለ ነው፤ የጨመሩት እርስዎ ነዎት!» ደንበኛው ይስቃል፤ ተመልሶም ይመጣል።

ሚስቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲተያዩ ኖረዋል። እሷ ብዙ አታወራም፤ መች ተራ ደርሷት!

አንድ ማክሰኞ ጉንጯን ደግፋ፣ «ጥርሴን አሞኛል፤ ሐኪም ቤት ደግሞ ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ» አለችው።

ሬዲዮ መሳቂያ አገኘ። «አይ የኔ ጀግና! ቀኑን ሙሉ መርፌ ጨብጠሽ እየዋልሽ መርፌ ትፈሪያለሽ?» እያለ መንገዱን ሙሉ ሲያበሽቃት ሄደ። የጥርስ ሐኪሟ ክፍል ሲደርሱ ሚስቱ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች። «መጀመሪያ አንተ ተቀመጥና ልይህ።»

ይሄማ ወንድነቱን ነካው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ዶክተር፣ የኔ ጥርስ ብረት ይቆረጥማል። ለዚች ፈሪ ምሳሌ ልሁን ብዬ ነው።»

ሐኪሟ ጥርሱን አይታ አመሰገነችለት። ሊነሳ ሲል ግን ትከሻውን ይዛ መለሰችው። «ገና ነን። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ምላሱንና ጉንጩን ሳላይለት አይነሳም» አለች። ምላሱን በስስ ጨርቅ ያዘችና ወደ ጎን ሳብ አደረገችው። የሰፈሩ ሬዲዮ በሁለት ጣት ተዘጋ።

ከምላሱ ግራ ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ነጭና ቀይ የተቀላቀለባት ቁስል ነበረች።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትናንት ስፒል ወግቶኝ ነው» አለ ምላሱ ሲለቀቅለት።

«ሦስት ወር አልፎታል» አለች ሚስቱ ከበሩ። ጉንጯን መደገፍ ረስታዋለች።

«ስፒል የወጋው ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይድናል፤ ይሄ አልዳነም» አለች ሐኪሟ። «ናሙና ወስደን እናስመርምረው። ምንም ላይሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል።»

ውጤቱ እስኪመጣ ሱቁ ጭር አለ። ሬዲዮ ከሞቱ ይልቅ የፈራው ለምላሱ ነበር። «ከቆረጡብኝ ምን ይቀረኛል?» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቃት። ሚስቱ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት አራቴ ሞክራ አቃታት።

ካንሰር ነበር። ግን ገና ሲጀምር ተይዟል፤ ሌላ ቦታም አልደረሰም። ከጠርዙ ትንሽ ቆርጠው አወጡና ሰፉት፤ በየጊዜው እየመጣ እንዲታይም ነገሩት። ለአሥር ቀን ግን ማውራት ክልክል! ይህን የሰማ ሰፈር ብድሩን ሊመልስ ወደ ሱቁ ጎረፈ። ባለ ቦርጩ ደንበኛማ ወንበር ስቦ ግማሽ ቀን አሽሟጠጠው። ሬዲዮ መልሱን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል፤ ጽፎ ሳይጨርስ ቀልዱ ያልፍበታል።

በዘጠነኛው ቀን ድንገት ትዝ ብሎት፣ «ጥርስሽስ?» ብሎ ጻፈላት።

«የቱ ጥርስ?» አለችና ክሩን በጥርሷ ቀጭ አድርጋ በጠሰችው።

የሬዲዮ ዓይን ፈጠጠ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፒል የምትነክሰው በግራ ነበር» አለችው። «ከሦስት ወር በፊት ወደ ቀኝ አዞርከው። ስትበላም ስትጠጣም ፊትህ ይጨማደድ ነበር። ና ሐኪም ቤት እንሂድ ብልህ ትሄድልኝ ነበር?»

ጠመኔውን አንስቶ «አታላይ» ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎ ሲያያት እንባው መጣ። ከሥሩ ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።

ሚስቱ ራሷ የሰፋቻትን ትንሽ የስፒል ትራስ ከኪሷ አውጥታ የእጁ አንጓ ላይ አሰረችለት። «ከዛሬ ጀምሮ ስፒል እዚህ ነው የሚሰካው። አፍህ ውስጥ እንዳላይ!»

ሬዲዮ አፉ ሊፈታለት አንድ ቀን ይቀረው ነበር። መታገስ አልቻለም።

«እሺ» አላት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።