የወፍጮ ቤቱ ግዝት

ሶላሩን ያስገዘትኩት እኔ ነኝ። ደርበው በድንጋይ ተመትቶ ከጣሪያ የወደቀው፣ ከወደቀም በኋላ የተቀጠቀጠው በኔ ጥፋት ነው። ዱላውን የያዙት ሌሎች ናቸው፤ ምክንያቱን የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ።

ቀበሌያችን ከሙጃ በላይ ነው፤ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። የመብራት ምሰሶ ከተተከለልን ስድስት ዓመት ሆኖታል። በጦርነቱ መስመሩ ተቆረጠ። ከተቀጠለ በኋላ ደግሞ ኃይል አይበቃም ተብሎ በፈረቃ ሆነ፤ ፈረቃው የኛን ተራ እየዘለለ ያልፋል። ሴቶቹ ገብስ ተሸክመው ወደ ሙጃው የናፍጣ ወፍጮ ይወርዳሉ። ናፍጣ ከጠፋ እዚያው አድረው፣ ጥሬውን እንደተሸከሙ ሽቅብ ይመለሳሉ።

እኔ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ላሊበላ ለሆቴሎች ሶላር እተክላለሁ። አምና አንድ የእርዳታ ድርጅት ደጅ ጠንቼ አሥራ አራት ፓኔል አገኘሁና መብራት አጥቶ የቆመው ወፍጮ ቤታችን ጣሪያ ላይ ደረደርኩት። ወፍጮው ዞረ። በሦስተኛው ወር ሁለት ፓኔል ተሰረቀ።

ፖሊስ መጥራት፣ አገር ሰብስቦ ማውጣጣት፣ ቃል መቀበል፤ ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት የለኝም። የአጥቢያችን ቄስ አባ ሰይፈ ሥላሴ ዘንድ ሄጄ ይገዝቱልኝ አልኳቸው። ኅዳር ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ ሕዝቡን አስከትለው መጡና መስቀላቸውን ይዘው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። ከመጀመራቸው በፊት ወደኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ግዝት ከወጣ የሚመለስ አይደለም። ማንን ልተው? የሚጠግን አለ፣ የሚጠብቅ አለ።»

ሙጃ መኪና እየጠበቀኝ ነበር። «ማንንም አይተዉ፤» አልኩ።

ማንንም አልተዉም። በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን፣ እጁን ያሳረፈበት ሁሉ ዕጣው ከይሁዳ ጋር ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ብሎን አልጠፋችም።

አቧራውን የሚያብስም አልነበረም። ይህ የገባኝ መጋቢት ላይ፣ «ወፍጮው ደከመ» ብለው ሲደውሉልኝ ነው። አራት ወር ሙሉ ትቢያው ፓኔሉ ላይ እንደ ቂጣ ሲጋገር ዘበኛው ዘመኑ ክላሹን ታቅፎ ከሥሩ ተቀምጦ ሲያይ ከርሟል። ጨርቅ ያነሳ ሰው የለም። ይሁዳን ማን ይፈልጋል?

ደርበው ከጥር ወዲህ አብሮኝ የሚሠራ የላሊበላ ልጅ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ እሱ ድቁናውን ትቶ መፍቻ ያዘ። የዚያን ቀን ጠዋት ከሙጃ ሽቅብ ስንወጣ አፉ አላረፈም።

«ዓይናዲስ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው።»

«እና?»

«በሚካኤል ቀን ጣሪያ ወጥቼ ብወድቅ አባቴ ፍትሐት ላይ አይቆሙልኝም።»

«ማበስ ሥራ አይደለም። አንተ ዛሬ ፊትህን አልታጠብክም?»

«ፊቴን ለማጠብ መሰላል አያስፈልገኝም።»

ስለ ግዝቱ አልነገርኩትም። ረስቼ ነው ብል ውሸት ነው። የካህን ልጅ ነው፤ ከሰማ አልነካም ይላል፤ ቄስ ፍለጋ ቀኑ ይባክናል ብዬ ነው።

ስንደርስ ወፍጮ ቤቱ ጋ ማንም የለም። ሰው ሁሉ ከበላይ ካለው መንደር ዝክር ላይ ነበር። «አንተ ጀምር፤ እኔ የበሩን ቁልፍ ከዘመኑ ላምጣ፤» አልኩት። መሰላሉን ሲያስደግፍ ትቼው ወጣሁ። ዝክር ቤቱ ጋ ሳልደርስ ከበስተኋላዬ የመንደራችንን ሴት የባንቺዓለምን እሪታ ሰማሁ።

ባንቺዓለም ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው ያየችው። አንድ የማታውቀው ሰው፣ በሚካኤል ቀን፣ የተገዘተ ጣሪያ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብሎን ይፈታል። ደርበው የተቃጠለ ኬብል አይቶ ለመቀየር አንዱን ፓኔል እያነሳ ነበር። በሷ ቦታ ብሆን እኔም እጮህ ነበር።

«ሌባ! ኧረ የወፍጮውን ሌባ!»

ዝክር ቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሽመል ያልያዘ ድንጋይ አነሳ። ቁልቁል ሲሮጡ አልፈውኝ ሄዱ፤ ጮህኩ፣ የሰማኝ የለም። የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሩን አገኘው። ሁለተኛው ጉልበቱን። ፓኔሉ ከእጁ አምልጦ በቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተከሰከሰ፤ እሱም ተከተለው።

ስደርስ መሬት ላይ ነበር። ሽመል ሥጋ ላይ ሲያርፍ ጥሬ የሞላ ጆንያ እንደመምታት ነው፤ አጥንት ሲያገኝ ግን ድምፁ ሌላ ነው። ሁለቱንም ሰማሁ። ሞላ የሚባለው ጎረምሳ የደርበውን ቀኝ እጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ በሌላ ድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። «በዚህ ነው የነካው! በዚህ ነው የነካው!» እያለ።

«ባለሙያ ነው! እኔ ነኝ ያመጣሁት!» ብዬ መሃላቸው ገባሁ። የአንዱ ክርን ከንፈሬን ተረተረው። ዘመኑ ክላሹን አግድም ይዞ ደረቴን ገፋኝ።

«አንቺው አይደለሽ ማንንም አይተዉ ያልሽ?»

«ለሌባ ነዋ ያልኩት!»

«ለሌባ አላልሽም። አጠገብሽ ቆሜ ሰምቻለሁ። በሚካኤል ቀን ብሎን የሚፈታ ባለሙያ ደግሞ የየት አገር ነው?»

እንዳወቁ አይቻለሁ። የሁለት ሦስቱ ፊት ተለውጦ ነበር። ግን እሱ ሌባ ካልሆነ እነሱ ምን ሊሆኑ ነው? ስለዚህ ባሰባቸው። «ወደ ገደሉ!» አለ አንዱ። እግሩን ይዘው ጎተቱት። ገደሉ ከወፍጮ ቤቱ ስልሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። የደርበው ጭንቅላት ኮረቱ ላይ ይነጥራል።

አባ ሰይፈ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደረሱ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አባታችን፣ ባለሙያውን ትቼው ነበር ይበሉ። አንድ ቃል ነው!»

«አልተውኩትም እኮ፣ ልጄ።»

«ይገድሉታል!»

«ልቀቁት! ለሕግ አቅርቡት!» ብለው ጮሁ። የሰማቸው የለም። ቀሚሳቸውን ያዝኩ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል፣ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «መስቀል ይዤ ልዋሽ? በመልአኩ ቀን?»

ለቀቅኳቸው። ከደርበው ቦርሳ መዶሻውን አውጥቼ መሰላሉን ወጣሁ፤ ጣሪያው ላይ ስደርስ መሰላሉን በእግሬ ገፍቼ ጣልኩት። የኤሌክትሪክ መስመሩን እንኳ አላጠፋሁም። የመጀመሪያውን ፓኔል በሁለት እጄ መታሁት። መስተዋቱ እንደ በረዶ ደቀቀ።

ጎታቾቹ ቆሙ።

«ነካሁት!» አልኩ። «ሰበርኩትም! እሱን እስክትለቁት አንድ በአንድ እሰብረዋለሁ!»

«ውረጂ፣ አንቺ እብድ!»

ሁለተኛውን መታሁ።

«ኧረ ያዟት! መሰላል አምጡ!»

ሦስተኛውን። ስባሪው ክንዴን ቀደደው፤ የመዶሻው እጀታ በደም አዳለጠኝ። ዘመኑ ክላሹን አቀባብሎ ወደኔ አነጣጠረ። ዐይኑን አየሁት፤ ይተኩሳል። አራተኛው ላይ መዶሻውን ሳነሳ ተኮሰ። ጥይቱ በጎኔ አልፎ ፓኔሉን ራሱን በሳው።

ከዚያ ባንቺዓለም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ወደ ዘመኑ መጣች።

«አንት ደንቆሮ! ወፍጮውን ገደልከው!» አፈሙዙን በእጇ ወደ መሬት ደፋችው። ከዚያ ወደ ገደሉ ሮጠች። «ልቀቁት! ልቀቁት ነው የምላችሁ! ሙጃ ማን ሊሸከም ነው? አንተ ነህ፣ ሞላ? ሚስትህ አራስ ናት፤ ጆንያውን አንተ ልታዝል ነው?» በጥፊ መታችው። ሌሎቹም ሴቶች ደረሱ፤ ባል ባላቸውን በክንድ እየጎተቱ አላቀቁ።

ደርበው ገደሉ አፍ ላይ ቀረ። ሰው ስለሆነ አይደለም የለቀቁት። ሰባት ፓኔል ስለቀረ ነው።

በቃሬዛ ሙጃ አወረድነው። የተሸከሙት የደበደቡት ራሳቸው ናቸው። አራት ሰዓት ሙሉ እየተፈራረቁ፣ «ቀስ በል፣ ይጎዳል» እየተባባሉ አወረዱት። ከሙጃ በመኪና ላሊበላ ሆስፒታል ገባ። መንጋጋው ታሰረ። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተቆረጠ።

በአምስተኛው ቀን አባ ሰይፈ ሥላሴ፣ ባንቺዓለምና ዘመኑ መጡ። ዘመኑ በር ላይ ሲደርስ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸከመና እስከ አልጋው ድረስ በጉልበቱ ሄደ። ነርሷ ልትከለክል ብላ ተወችው።

«ግዝቱን ፈትቻለሁ፤» አሉ አባ ሰይፈ ሥላሴ። «ሞላ ለፖሊስ እጁን ሰጥቷል። ይህ ልጅ ደግሞ ድንጋዩን ተሸክሞ መጥቷል። አንተ ካላወረድክለት የሚያወርድለት የለም፣ ልጄ።»

ደርበው ግራ እጁን አንስቶ ድንጋዩን ገፋው። ወለሉ ላይ ሲወድቅ ነርሷ ደነገጠች። ዘመኑ ግንባሩን ፍራሹ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ባንቺዓለም ወደኔ ዞረች። «ዓይናዲስ፣ ሰባቱ ይፈጫሉ?»

«ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በየሳምንቱ ካበሳችሁት።»

«እናብሳለን።»

ሄዱ። እኔና ደርበው ቀረን። ወንበሩን ወደ አልጋው ሳብኩ።

«ስለ ግዝቱ ብነግርህ አትወጣም ነበር፤» አልኩት። «ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።»

አየኝ። ያበጠው ዐይኑ ተከፍቷል፤ በሁለቱም አየኝ።

«እኔስ?» አልኩ።

ግራ እጁን አነሳ። ወደኔ የሚዘረጋ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። በሩን አመለከተኝ።

«እሺ፤» አልኩ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።