በአለበል ስም

ሌላ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ከጣና ያጠመድሁት አምባዛ ታንኳዬን እስከ ዘጌ ጎተታት ብዬ መንደሩን ሁሉ አስቄአለሁ። ይህን ግን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ውሸት ከሆነ ዓይኔን ያጥፋው። አንዲት ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ በወንድ ስም ስትጠራ «አቤት» ብላለች።

አለበል እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፋብሪካችን ሽመና ክፍል፣ ከኔ ጎን ይሠራ ነበር። በሰባ አምስት ዘመተ። ያን ጊዜ ሽመና የወንድ ነው፤ ሴቶቹ ጥጥ ይለቅማሉ፣ ግቢ ይጠርጋሉ፣ ያውም በቀን ሠራተኝነት። ወንዱ አንድ ባንድ ሲዘምት ማሽኑ ቆመ። አለቃችን አቶ አምሐ የአለበልን ሚስት የሺመቤትን ከግቢ ጠርተው፣ «እስኪመለስ ቦታውን ያዥለት» አሏት። ስሟ ግን መዝገብ አልገባም። ጠዋት ጠዋት «አለበል» ብለው ሲጠሩ «አቤት» የምትለው እሷ ናት።

«ዛሬም ጢም አላበቀልሽ?» እላታለሁ።

«ስትላጭ የተረፈህን አምጣልኝ፤ እለጥፈዋለሁ።»

ክር ሲበጠስ ግን ከሁላችንም ቀድማ ትቋጥራለች።

በሰባ ስምንት ሴቶቹ በየስማቸው፣ ከነጡረታቸው፣ ቋሚ ይሁኑ ተባለ። የአስተዳደሩ ጓድ አዘዘ ሲያስጠራት፣ ምስክር ሁነኝ ብላ ይዛኝ ገባች።

«ባለቤትሽ እንደማይመለስ ከፈረምሽ ቦታው ያንቺ ነው። እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ሌላ ሰው እንቀጥራለን፤ አንቺም ወደ መጥረጊያሽ።»

«ከፈረምሁ ሞቷል ማለቴ ነው?»

«ቦታው ክፍት ነው ማለትሽ ነው።»

«ለልጆቼም እንደዚሁ ብዬ ልንገራቸው?»

ጓድ አዘዘ ወረቀቱን አገላበጠ።

ከአለበል ወሬ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሐሙስ ዕለት ሰይጣን አሳሳተኝ። ከአምስተኛ ክፍል የተባረርሁት ሰውዬ ቁጭ ብዬ በአለበል ስም ደብዳቤ ጻፍሁ፦ ደኅና ነኝ፣ ስለኔ አታስቢ፣ ፈርሚና ቦታዬን ውሰጂ። እፎይ ትበል ብዬ ነው። በምሳ ሰዓት፣ «ከአሥመራ የመጣ ወታደር ነው የሰጠኝ» ብዬ አቀበልኋት።

ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። ስትደግመው ጣቷ «ፈርሚ» የሚለው ላይ ቆመ፤ አለበል ይህን ከየት ሰምቶ? አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«አስማማው፣ እሱ ቢኖር አንተ ትጽፍልኝ ነበር?»

በሳቅ ላልፋት አልሁ፤ እሷ ግን ተነሥታ ሄደች። እስከዚያች ሰዓት ትጠብቀው ነበር። ተስፋ ያስቆረጥኋት እኔ ነኝ፣ ያውም ላጽናና ብዬ።

ዓርብ ፈረመች። ቅዳሜ ጥቁር ለብሳ መጣች። አቶ አምሐ «የሺመቤት» ብለው ጠሩ። ደገሙ። «አቤት» አለች፤ ድምፅዋን አላወቅሁትም። ወደ ማሽኗ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «አይዞህ አስማማው» አለችኝ።

የነገርኋችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዷን ብቻ ከራሴ ጨመርሁ። አይዞህ አላለችኝም። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ነው ያለፈችው።