የሚስተር ፔምብል አዲስ ፍርስራሽ

ኬዚያ ታከር ከታጨች ዓመት አልፏታል። ችግሩ እጮኛዋ አልነበረም፤ አምብሮዝ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ደግ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም አልነበረም፤ ቄሱ በየእሑዱ ስማቸውን ጠርተው “ጋብቻቸውን የሚቃወም አለ?” ቢሉ ከአንድ ሳል በቀር የተሰማ ነገር የለም። ችግሩ ግንብ ነው። ያውም ፍርስራሽ ግንብ። ያውም ገና ተሠርቶ ያላለቀ ፍርስራሽ!

ነገሩ ወዲህ ነው። የሸለቆው ባላባት ሚስተር ፔምብል ሀብቱን የወረሰው ከአያቱ ነው፤ አያቱ ደግሞ የከበረው ካልሲ ሸጦ ነው። ከኮረብታው ማዶ ያሉት ሰር ዎርትሊ ግን ደጃቸው ላይ እውነተኛ የጥንት ግንብ ፍርስራሽ አላቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው በጠላት ተከበው ፈረሳቸውን እስኪበሉ ድረስ የተዋጉበት። ሚስተር ፔምብል እዚያ ለእራት በተጠራ ቁጥር ያንን በመስኮት እያየ ምግቡ አልወርድ ይለዋል። የእሱ አያት የሞተው አልጋው ላይ፣ ጉንፋን ይዞት ነው።

እናም ከምግብ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ እሱም ፍርስራሽ እንዲኖረው ቆረጠ። ሥራውን የሰጠው ለኬዚያ አባት፣ ለግንበኛው ሳይለስ ታከር ነበር።

ግንቡን ከፊት ብታዩት ትደነግጡ ነበር። ሁለት ክብ ማማ፣ አንዱ ሰማይ የሚነካ፣ አንዱ ከወገቡ የተቆረጠ። በመሐላቸው አናቱ እንደ ጥርስ የተሸረፈ ረጅም ግድግዳ፤ ሾጣጣ መስኮቶች፤ ቀስት የሚወረወርባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች፤ ሠረገላ የሚያስገባ በር። ከኋላ ግን ምንም የለም። ግድግዳው አንድ ብቻ ነው! በዚያ ግርማ ባለው በር ገብታችሁ የምትወጡት ላሞች መሐል ነው። ክፍል ቢባል ያለችው በረጅሙ ማማ ውስጥ አንዲት ምድጃ ያላት ጠባብ ክፍል ናት፤ እመቤቶች ሽርሽር ሲወጡ ሻይ የሚጠጡባት።

ታዲያ የዚያ አገር ግንበኞች ሕግ አላቸው። ሕንፃ ሲያልቅ ዋናው ግንበኛ ከከፍተኛው ድንጋይ ላይ ለምለም ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅርንጫፉ ሲወጣ ባለቤቱ የመጠጥ በርሜል ያስከፍታል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሕንፃ ላይ ድንጋይ የጨመረ ወይም የቀነሰ ግንበኛ እጁ ይደርቃል። ቅርንጫፉ ሳይወጣ ደግሞ ዋናው ግንበኛ በቤቱ ድግስ አይደግስም፣ ልጅ አይድርም፤ ቢድር ግድግዳው ይናዳል። ሳይለስ በዚህ አይቀልድም።

ግን ልጆቼ፣ ፍርስራሽ መቼ ነው አለቀ የሚባለው?

ሚስተር ፔምብል በየሰኞው በፈረስ ይመጣል።

“ሳይለስ! ይሄ ግንብ እኮ ጤነኛ ነው!”

“አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ።”

“እያመሰገንኩህ አይደለም! ዘመን የበላው፣ ጠላት የደበደበው እንዲመስል ነው የምፈልገው!”

“የትኛው ጠላት፣ ጌታዬ?”

“እሱን በኋላ እናስብበታለን።”

ሳይለስ የገነባውን በገዛ እጁ ያፈርሳል። በሳምንቱ ባላባቱ ተመልሶ ይመጣና ራሱን ይነቀንቃል። “አሁንስ በዛ። እንግዳ ቢያየው የፔምብል ዘር መዋጋት አያውቅም ነው የሚለው። ትንሽ መልስበት እስቲ።”

“ዕድሜ ልኬን ግንብህ ጠመመ ተብዬ ስሰደብ ኖሬ፣ በስተርጅና ደግሞ ግንብህ ቀና ተብዬ ልሰደብ!” ይላል ሽማግሌው ድንጋይ ጠራቢ ኦባድያ።

አንዴማ ሚስተር ፔምብል ትዕግሥቱ አልቆ ከወደብ ከተማ አሮጌ መድፍ አስመጣ። “እውነተኛ ፍርስራሽ በመድፍ ነው የሚፈርሰው!” ብሎ ከግድግዳው ጀርባ፣ ከላሞቹ መሐል አስጠመደና ራሱ ለኮሰው። ጥይቱ ግድግዳውን ሳይነካ በበሩ ሾልኮ ወጣ። ሸለቆውን ተሻገረ። ከዚያ ከታች፣ ከባላባቱ ቤት በኩል፣ የመስታወት መንኮታኮት ተሰማ። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላቸው አናናሶች የሚያድጉበት የመስታወት ቤት ነበር። ሠራተኞቹ ሳቃቸውን ለማፈን ፊታቸውን በላሞቹ ሆድ ደበቁ።

ኬዚያም ያን ቀን ከሁሉም ጋር ስቃለች። ሳቋ የጠፋው መስከረም ሲጀምር ነው። የወፍጮው ባለቤት፣ ባልቴቷ ሚስስ ግሪምስ፣ ወፍጮውን ሊከራያት የጠየቃትን አምብሮዝን ጠርታ ቁርጡን ነገረችው። “ለላጤ ወፍጮ አላከራይም። ላጤ ዱቄቱንም ያሳርራል። በዚህ ወር ለሚውለው ለቅዱስ ሚካኤል በዓል ሚስት ይዘህ ና፤ አለዚያ ለሌላ ሰው ነው።”

ሚካኤል ደግሞ ደርሷል።

በዚያው ሰሞን አንድ አመሻሽ ኬዚያ ለአባቷ እራት ይዛ ወደ ኮረብታው ወጣች። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሳይለስ ብቻውን መሰላል ላይ ቆሞ፣ ባላባቱ በስንት መከራ “ይሄስ ያምራል” ያለውን ስንጥቅ በኖራ ይደፍናል።

“አባዬ! እሱን እኮ ወዶታል!”

“ውሃ ይገባበታል” አለ ዞር ብሎ ሳያያት።

ኬዚያ እየሮጠች ወርዳ ለአምብሮዝ ነገረችው። “የሙያ ኩራት ነው የያዘው! ጠማማ ነገር ትቶ መሄድ አልቻለም!”

“እንግዲያው አባትሽ ይሄን ፍርስራሽ እስኪፈርስ ድረስ ሲጠግነው ሊኖር ነው” አለ አምብሮዝ። ለመሳቅ ሞክሮ ነበር፤ ትከሻው ግን እንቢ አለው።

ኬዚያ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በነጋታው እንጆሪ ለመልቀም እስከ ሰር ዎርትሊ ግንብ ድረስ ሄደች። ቀና ብላ አየችው፣ አየችው፣ አሁንም አየችው። ከዚያ እንጆሪዋን ሳትለቅም እየዘለለች ተመለሰች።

ሰኞ ቀትር ላይ ዳቦ፣ አይብና የፖም ጠጅ ይዛ ሠራተኞቹ ጋ ወጣች። ሚስተር ፔምብል እንደ ልማዱ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይነጫነጫል። “አንድ ነገር ይጎድለዋል! ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም!”

“ጌታዬ፣” አለች ኬዚያ እጅ ነስታ፣ “እኔ ስለ ግንብ ምን አውቃለሁ። ግን የሰር ዎርትሊው አናቱ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፤ ዛፉ ላይም ቁራ ያርፋል። የእርስዎ ደግሞ... ይቅርታ ያድርጉልኝና መላጣ ነው።”

ሚስተር ፔምብል እጁ ሳያስበው ወደ ሰው ሠራሽ ፀጉሩ ሄደ። ከሥሩ ምን እንዳለ ሸለቆው ሁሉ ያውቃል።

“መላጣ!” ብሎ ጮኸ። “ሳይለስ! ዓመት ሙሉ መላጣ ግንብ ስታሳየኝ! ዛፍ አምጡ!”

“ጌታዬ፣ ሥሩ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል እኮ!” አለ ሳይለስ።

“እሰይ! ይፈልቅቀዋ! ለልጅ ልጆቼ በራሱ ጊዜ ይፈርስላቸዋል!”

አትክልተኛው አንዲት ለምለም ችግኝ ከነአፈሯ በቅርጫት ይዞ መጣ። ሳይለስ ቅርጫቱን በጀርባው አዝሎ፣ ባላባትንም ዛፍንም እየረገመ መሰላሉን ወጣ። ኬዚያ ኦባድያን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አይቡ ትን አለው።

ሳይለስ ችግኟን ከረጅሙ ማማ አናት ላይ ተከላት። አፈር አለበሳት፤ ዙሪያዋን ጠጠር ጠቀጠቀላት። ቀና ሲል ኦባድያ ከታች ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወርውሯል።

“ቅርንጫፉ ወጣ! ሥራው አለቀ!”

ሠራተኞቹ በእልልታና በፉጨት ቀወጡት፤ የግንበኛ ማንኪያቸውን ከመዶሻ እያጋጩ ዘለሉ።

“ምን ነካችሁ? ይሄ ችግኝ ነው!” አለ ሳይለስ ከላይ።

“ለምለም ነው አይደለም?” አለው ኦባድያ።

“ለምለም ነው፣ ግን—”

“ከፍተኛው ድንጋይ ላይ ነው አይደለም?”

“ነው፣ ግን—”

“ማን አወጣው ታዲያ?”

ሳይለስ አፈር የለበሱ እጆቹን ተመለከተ። ከዚያ እዚያው ማማው ላይ ቁጭ አለ።

አልወርድም ሲል ኬዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ላይ ወፍጮው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መንኮራኩሩ ውሃ እየረጨ ይዞራል።

“ስንጥቁን የደፈንኩት ውሃ እንዳይገባ ብዬ አልነበረም” አለ ሳይለስ ቀስ ብሎ።

“ታዲያ?”

“ያለቀ ቀን ትሄጃለሽ ብዬ ነው።”

ኬዚያ ልትስቅም ልታለቅስም ስትል ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት። “አባዬ! ወፍጮው እኮ ያውልህ! ከዚህ ሆነህ እንትፍ ብትል ጣሪያው ላይ ያርፋል!”

ሳይለስ ርቀቱን በዓይኑ ለካ። ግንበኛ ነውና ሳይሞክር አያምንም፤ ሞከረ።

“ዝናብ ጀመረ እንዴ?” አለ ኦባድያ ከታች መላጣውን እየጠረገ።

አባትና ልጅ ተደጋግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሚስተር ፔምብል ግን ግራ ገብቶት ነበር። “ቆይ፣ አለቀ ያለው ማነው? በስተግራ በኩል ትንሽ—”

“እጃችን ይደርቃል!” አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ባላባቱ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አንድ ቁራ በርሮ መጥቶ ችግኟ ላይ አረፈ። ችግኟ ጎበጠች። ቁራው ክንፉን አራግቦ “ቋ!” አለ።

“ቁራ!” አለ ሚስተር ፔምብል በሹክሹክታ፤ ዓይኑን እንባ ሞላው። “የራሴ ቁራ! በርሜሉን ክፈቱ!”

ሠርጉ በሚካኤል ዋዜማ ሆነ። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጥሩምባ እየተነፋ በግንቡ በር በግርማ ገብተው በቀጥታ ላሞቹ መሐል ወጡ። አንዷ ላም የሙሽራዋን አበባ በላችው። ሚስተር ፔምብል ለእንግዶቹ የተሰባበረውን የመስታወት ቤት እያሳየ፣ “በከበባው ጊዜ ጠላት የመታው ይሄን ነው” ሲል ተሰማ። ሰር ዎርትሊ እንኳን “የትኛው ጠላት?” ሳይሉ አንገታቸውን ደፍተው ኀዘናቸውን ገለጹለት።

ሳይለስ ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ወፍጮ ቤት ይመጣል። ግድግዳውን ይዞራል፣ ይመታል፣ ያዳምጣል፤ ሁልጊዜም አንድ የላላ ድንጋይ ያገኛል። “የትኛው ደንቆሮ ነው ይሄን የገነባው!” እያለ ይጠግንና ምሳ በልቶ ይሄዳል።

ድንጋዩን በየእሑዱ ማታ በማንኪያ እጀታ የምታላላው ኬዚያ ናት። አምብሮዝ መብራቱን ይይዝላታል፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።