ያልተደቃ ደረት

ጥር አሥራ ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ የሰፈሩ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ተከተሉ። አምሳለች ብቻ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ አጣምራ ሄደች። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጇ ግን አልተነሣም።

የሟቿ እኅት ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ከሞጣ ቢቸና የደረሱት ገና አሁን ነው። በሙሾው መሀል ዞር ብለው አዩዋት።

«ምራቲቱ ለደረቷ ሳሳች መሰለኝ» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

«ታማ ነበር እኮ፣ እትዬ» አለች ጎረቤቷ መክሊት።

«ታማ ነበር! ይኸው ቆማ ትሄድ የለ እንዴ?»

አምሳለች ሰማች። ሕመሟ የጡት ካንሰር ነው። ግራ ጡቷ ባለፈው ዓመት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ በደም ሥር የሚሰጠውንም መድኃኒት ጨርሳለች። የቀራት የጨረር ሕክምና ነው። ለእሱም ወራት ወረፋ ጠብቃ፣ ለማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ተቀጥራለች። ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ደረቷ ላይ በማርከር ተሰምሯል። በላብና በመዳፍ ከተፈተገ ይለቃል፤ ከለቀቀ ልኬቱም እንደገና፣ ወረፋውም እንደገና። ማክሰኞ ለመድረስ ደግሞ ሰኞ ጎህ ሲቀድ መሳፈር አለባት። ሰኞ ሣልስት ነው።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያውቁት፣ አብረዋትም ሊሄዱ የነበሩት፣ አሁን በሰው ትከሻ ላይ የሚጓዙት አማቷ እማማ ስርጉት ነበሩ። የደም ግፊታቸው ተነሥቶ ሌሊቱን እንደ ተኙ ቀሩ።

ያወቁትም አጥፍተው ነው። ጥቅምት ላይ አምሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ተለክታ ስትመለስ፣ መንገድ ያደከማትን ምራታቸውን ሊያጥቧት ልብሷን ቢያወልቁ ያን መስመር አዩ። «ልጄን እንደ ገበያ በሬ ምልክት አድርገውባት ላኩልኝ?» ብለው፣ እሷ ተቀምጣ ስታንቀላፋ፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና ጥርግ አደረጉት።

«እማዬ! ምን አደረጉ?» ብላ ስትነቃ ውኃው ወይን ጠጅ መስሎ ነበር።

ያን ዕለት እማማ ስርጉት እህል አልቀመሱም። በሳምንቱ ራሳቸው ይዘዋት አዲስ አበባ ወረዱ። ወረፋው ግን ወደ ጥር ተገፋ፤ መስመሩም እንደገና የተሰመረላት ጥር ሲገባ ነው።

«ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። እሷን አትቆጣት» አሉት የጨረር ባለሙያውን እዮብን። «አሁን አስተምረኝ። ጨረሩ ቀለም አለው?»

«አይታይም፣ እማማ።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ያቃጥላል?»

«ሲሰጣት ምንም አይሰማትም። እየቆየ ግን ቆዳዋ ሊቀላ፣ ሊያሳክካት ይችላል። ድካምም አለው። ቅቤም ሽቶም አትቀባ፤ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ትልበስ።»

«ካልታየ፣ ካልሸተተ፣ ሥራውን መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?»

«በሽታው ሳይመለስ ሲቀር ነዋ።»

ከዚያ አምሳለች የምትተኛበትን አልጋ በበሩ አሳያቸው። እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ እንደሚተኛ ሲነግራቸው «ምርኮኛ ልታደርጓት ነው በለኛ!» አሉና ኮሪደሩን በሳቅ ሞሉት።

አምሳለች ጆሮዋን ማመን አቃታት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳሯ አማቷ ሲያዝዙ እንጂ ሲጠይቁ ሰምታ አታውቅም። ይቅርታማ ጨርሶ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ በጥያቄ ተሞላ። ክንዷን እንድታፍታታ ጣቶቿን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ እንድታስኬድ ታዝዛ ነበር፤ እማማ ስርጉት ጎኗ ቆመው አብረው ያስኬዳሉ፤ የደረሰችበትን በከሰል ያሰምራሉ። «ዛሬ በልጠሽኛል። ነገ እንተያያለን!» ይሏታል። እኚህ ሴትዮ ይህን ሁሉ ዘመን የት ተደብቀው ነበር? አምሳለች ቀብር ላይ ቆማ የምታስበው ይህንኑ ነው።

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። ንፍሮው እየዞረ ሹክሹክታው ቀጠለ።

«ከሣልስት በፊት ልትሄድ ነው አሉ።»

«ጨረር የነካው ሰው አጠገብ ሕፃን አይቀመጥም ይባላል።»

«ገና አልነካትም» አለች መክሊት። «ሲነካትም ወደ ሰው አይተላለፍም። ያንቺ ምላስ ግን ይተላለፋል።»

ባሏ ቢሆነኝ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራት። ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ ለቅሶውን ጥሎ መሄድ አይሆንለትም።

«ማክሰኞ ብትነሺስ?»

«ማክሰኞ ተነሥቼ ማክሰኞ ጠዋት አልደርስም፣ ቢሆነኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሏል።»

ቢሆነኝ ወደ ለቅሶተኛው ተመለሰ። ያኔ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በጓዳው በር ብቅ አሉ።

«አንቺ፣ ነይ ግቢ። ያ የሚያሳሳሽን ደረት ልየው።»

አምሳለች ገባች። ቁልፏን ፈታች። ጠባሳው፣ መስመሩ፣ በመስመሩ ላይ ያሉት ትንንሽ መስቀሎች ታዩ። አሮጊቷ ተጠጉ። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ወደ መስመሩ ሰደዱ።

አምሳለች አንጓቸውን ያዘች። በዕድሜዋ የትልቅ ሰው እጅ እንዲህ ጨብጣ አታውቅም።

«አይንኩት! እኅትዎም አንዴ አጥፍተውት ሦስት ወር ተጉላልቻለሁ።»

«ስርጉት?»

«አዎ። ይቅርታ ጠይቀው ነው እንደገና የተሰመረልኝ።»

«ስርጉት ይቅርታ ጠየቀች?» ተቀመጡ። «የእኔ ጠገራ ብር ጠፍቶባት እንኳ አርባ ዓመት ሙሉ ‹ድሮም አልነበረሽም› ስትለኝ ነው የኖረችው። ለማን? ምን ብላ?»

አምሳለች ነገረቻቸው። ቀለም አለው ወይ ያሉትን፣ ይሸታል ወይ ያሉትን፣ ምርኮኛውን፣ ከሰሉን። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በየመሀሉ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ፤ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አምሳለች የምታወራላቸው የማያውቋትን እኅት ነበር።

አምሳለች ስትጨርስ አሮጊቷ ቁልፏን ራሳቸው ቆለፉላትና ድንኳኑ መሀል ወጥተው ቆሙ።

«ልጃችን ነገ መንገደኛ ናት። ስንቅ ይዘጋጅላት።»

«ከሣልስት በፊት፣ እትዬ?» አለች አንዷ።

«የሞተችው የማን እኅት ናት? የእኔ ወይስ ያንቺ?»

ቢሆነኝ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሻንጣዋን ሊያወጣ ገባ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው ብርዳም ነበር። ባየ የሚባለው ሾፌር ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። ዓርብ ዕለት እማማ ራሳቸው መጥተው ሁለት ወንበር አስይዘው ነበር። ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም።»

አምሳለች በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ጎኗ ባለው ወንበር ላይ ነጠላዋን አጥፋ አኖረች።

«ሰው አለው?» አለ አንድ ተሳፋሪ።

«አለው።»

በየፌርማታው ይጠይቋታል፤ «አለው» ትላለች። ደጀን ላይ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ወጣች። ሌላ ቦታ አልነበረም።

«ሰው አለው እንዴ፣ እታለም?»

አምሳለች ወንበሩን አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ነይ፣ ተቀመጪ።»

ጨረሩ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ቆዳዋ ቀላ፤ በሦስተኛው አሥራ አምስተኛውንና የመጨረሻውን ጨረር ጨርሳ ወጣች። ለአርባው ተዝካር ቢቸና ነበረች።