ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የቆሙት ክራንቾች

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ እነዚህ ሁለት እጆቼ ይሰለሉ። እንደዋዛ የሚማልባቸው እጆች እንዳይመስሏችሁ። ሃያ ሰባት ዓመት በፊዚዮቴራፒ ስሠራ እነዚህ እጆች ያላስነሡት ሽባ የለም። ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት በቃሬዛ የመጣ ሰው እኔ ዘንድ ሦስት ቀን ሰንብቶ ደረጃውን በሩጫ ወርዷል። እርግጥ የሮጠው ከእኔ ለማምለጥ ነው፤ ሮጧል ግን። በሽተኞቼ «ጉጠት» ይሉኛል። ከጀርባዬ ነው የሚሉኝ፤ ፊት ለፊቴማ ጥርሳቸውን ነክሰው ስለሚውሉ በምን አፋቸው ይናገራሉ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጇ ፊዚዮቴራፒ ለመማር ፎርም እየሞላች ነበር፤ ሰኞ ጠዋት መግባት አለበት። ፎርሙ ላይ «ይህን ሙያ ለምን መረጡ?» የሚል ግማሽ ገጽ አለ። ከሥሩ ደግሞ የተጻፈው እውነት ስለመሆኑ ወላጅ የሚፈርምበት መስመር አለ።

«ጋሼ፣ እማዬን ያስነሣህበትን ታሪክ ነው የምጽፈው» አለችኝ። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይሄን ሙያ የወደድኩት በሱ ነው።»

«ሌላ ምን አለሽና» አልኳት። «የአባትሽ ወገን እንደሆነ ከሪህ በቀር የሚያወራው የለውም።»

ቀድሜ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አውጄያለሁ፤ የእህቴ ልጅ ተምራ በእኔ ክፍል፣ በእኔ እጅ ትሠለጥናለች፣ ሁለተኛዋ ጉጠት መጣች ብዬ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

እህቴ ጠረጴዛው ዳር ልብስ ታጥፍ ነበር። ይህን ታሪክ በጀመርኩ ቁጥር ብድግ ብላ ወጥ ቤት ትገባና ቧንቧ ትከፍታለች። ውለታዬ ስለሚከብዳት ነው። አሁንም ልትነሣ ስትል ልጇ፣ «እማዬ ቁጭ በይ፣ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ» አለቻት። ተቀመጠች።

«ጻፊ» አልኩ። «እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እናትሽ አሥራ አራት። ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ዘጠኝ ቦታ ተሰበረ።»

«ባለፈው አራት ቦታ ነው ያልከው።»

«አጥንት ሲቆይ ይሰነጠቃል። ጻፊ። ጀሶው ከወጣላት በኋላ ክራንቾቹ ላይ ሙጭጭ አለች። አሥራ ሁለት ሐኪም ተሰብስቦ ‹ይህቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን ከክራንች አትላቀቅም› ብሎ ፈረደባት። አንድ ቀን እናታችን ከቤት ስትወጣ ጠብቄ ክራንቾቹን ቀማኋትና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አቆምኳቸው። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ‹ያውልሽ፣ መጥተሽ ውሰጂ› አልኳት። ‹ወንድም ጋሼ፣ ሽንቴ መጣ› ብላ ለመነችኝ።»

«ይሄም ይጻፍ?»

«እሱማ ዋናው ነው። ከሽንት የሚበልጥ ባለሙያ አልተፈጠረም። እኔ እስከ ዛሬ በሽተኛው ሽንት ቤት ልሂድ ሲለኝ ዊልቸሩን ከክፍሉ አስወጣበታለሁ። የሚሄድ ይሄዳል፤ የማይሄድ ይማርበታል። እና አለቀሰች። ‹እንባ ጡንቻ አያጠነክርም› አልኳት። ይህቺን ቃል አሁን በትልቁ አስጽፌ ግድግዳችን ላይ ለጥፌያታለሁ። ሲጨንቃት ተነሣች። ሠላሳ ርምጃ ያለ ክራንች ሄዳ ደረቴ ላይ ወደቀች። ‹ወንድም ጋሼ፣ ነፍስ ዘራህብኝ› አለችኝ። እዚያው ላይ ሙያዬን መረጥኩ። ነጥብ።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እናቷ ገፋች። እህቴ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳትነካ፣ ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና ታጥፍ ጀመር።

«ያ ቤት ኮሪደር አልነበረውም» አለች።

«እንዴት?» አለች ልጅቷ።

«አንድ ክፍል ነው የነበረን። ከአልጋው እስከ በሩ።»

«ክራንቾቹን ታዲያ የት አቆማቸው?»

«መንገድ ላይ። ለኳስ ጎል። ጎረምሶቹ ድንጋይ መልቀም ሰልችቷቸው ነበር። በሆዴ እየተሳብኩ ደጃፉ ድረስ ሄጄ ጠራሁት። እጁን አወዛወዘልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልደረስኩም። እናታችን ከመምጣቷ በፊት በቀሚሴ ወለሉን ወለወልኩት።»

«ልጅ ስለነበረች ተምታቶባት ነው» አልኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

«ማነው ታዲያ ያስነሣሽ?»

«ክሊኒክ የነበረች አንዲት ሴትዮ። ሰባት ወር ፈጅቶባታል። እግሬን ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ ‹ልያዝሽ?› ትለኝ ነበር። ሙያውንማ አትጥይው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና፣ ያስጻፍኳትን ከላይ እስከ ታች በአንድ ሰረዝ ሰረዘችው። በቀረው ጠባብ ቦታ ላይ ደቃቅ አድርጋ ትጽፍ ጀመር። እናቷ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ተከተለቻት፤ ሲያልቅ እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። ሻዬ በርዶ ነበር፤ ጠጣሁት።

«ጨዋታውስ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ ፎርሙን ፖስታ ውስጥ እየከተተች። «ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«አምስት ለባዶ አሸነፍን» አልኩ። «ሦስቱን ያገባሁት እኔ ነኝ።»

እህቴ የታጠፈውን ልብስ አቅፋ ተነሣች።

«ሁለት ለባዶ ተሸነፉ» አለች። «ደጃፉ ላይ ተኝቼ ቆጥሬያለሁ።»